ጀርባው የተዘጋ የጆሮ ማዳመጫ ስለ መምረጥ

(በመካነ ሰላም ለተማሪዎች የኪነት ክበብ ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

በዛሬው ስብሰባ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል፣ ለአንዳንዶቻችሁም የቅንጦት ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። የተማሪ ማኅበር ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ምግብ ቤትና ስለ ውኃ መነጋገር ሲገባው ስለ ጆሮ ማዳመጫ ንግግር ማድረጉ ምን ይባላል የሚል ጥያቄ ከመምህራኖቻችንም ከጓደኞቻችንም ደርሶናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ንግግራችንን የምንጀምረው ለእርሱ መልስ በመስጠት ነው።

መጀመሪያ፣ ገንዘቡ ከእያንዳንዳችን ኪስ የተዋጣ ነው። ከወላጅ ከሚላክ ጥቂት ብር ላይ ተቀንሶ የተሰጠ መዋጮ ስለ ሆነ፣ በአንድ ቀን ስሜት ተገዝቶ በሦስተኛው ወር የሚሰበር ዕቃ ቢገዛበት አደራ መብላት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዕቃው የሚያገለግለው ለጭፈራ ብቻ አይደለም። ክበባችን በቦረና፣ በሣይንትና በወግዲ ከሚገኙ አረጋውያን ዘፈኑን፣ እንጉርጉሮውን፣ መንዙማውንና ቀረርቶውን በድምፅ መቅጃ ለመያዝ ካሰበ ቆይቷል። ለዚህ ሥራ ጀርባው የተዘጋ ማዳመጫ የግድ አስፈላጊ መሆኑን ወደ ኋላ እናስረዳለን። ሦስተኛ፣ ጆሮ አንድ ጊዜ ከተጎዳ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ በምን እንደምናዳምጥ መመርመር ስለ ጤናችን መመርመር ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ እንግባ።

የጆሮ ማዳመጫ በጀርባው አሠራር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ዓይነት ጀርባው ወንፊት መሰል ቀዳዳ ያለው ክፍት ማዳመጫ ነው። ድምፁ ወደ ጆሮም ወደ ውጭም ይሄዳል፤ የውጭው ድምፅም እንደ ልቡ ይገባል። ሁለተኛው ጀርባው ድፍን የሆነና በጆሮ ዙሪያ ትራሱ የሚገጥም ዝግ ማዳመጫ ነው። ክፍቱ በሩ ገርበብ ያለ ቤትን ሲመስል፣ ዝጉ መዝጊያው ተገጥሞ መወርወሪያው የተጣለበትን ቤት ይመስላል። ክፍቱ ጸጥ ባለ ክፍል ለብቻ ለሚያዳምጥ ሰው ሰፋ ያለና የተፈጥሮ የሚመስል ድምፅ ይሰጣል። ነገር ግን ስምንት ተማሪ በሚተኛበት ክፍል ክፍት ማዳመጫ ማድረግ፣ ዘፈኑን ሳይፈልጉ ለሚሰሙት ለሰባቱ ማካፈል ነው።

ዝጉም ነቀፋ አያጣውም። በድፍኑ ጀርባ ውስጥ የታመቀው ድምፅ ተመልሶ ስለሚነጥር፣ በደንብ ካልተሠራ ወፍራሙ ድምፅ ይጎርናና ሌላውን ይሸፍናል። ጆሮንም ያሞቃል ይባላል። የመጀመሪያው ነቀፋ እውነት ስለ ሆነ ስንመርጥ እንጠነቀቅበታለን። ሁለተኛውን በተመለከተ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በመካነ ሰላም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጆሮ የሚያሞቅ ዕቃን መክሰስ ውለታ ቢስነት ይመስለናል።

የዚህን ዕቃ ታሪክ በአጭሩ ማወቅ ለምርጫ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1910 ናትናኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ በዩታ ግዛት በገዛ ቤቱ የሠራቸውን ማዳመጫዎች ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ላከ፤ የተፈለጉትም ለሬዲዮ ቴሌግራፍ ሥራ እንጂ ለዘፈን አልነበረም። በ1937 የጀርመኑ ባየር ዲቲ 48 የተባለውን ሠራ። በ1958 ጆን ኮስ በሁለት ጆሮ የተለያየ ድምፅ የሚሰማበትን የስቴሪዮ ማዳመጫ ለገበያ አቀረበ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ በኒውዮርክ የጭፈራ ቤት ፍራንሲስ ግራሶ የተባለ አጫዋች አንዱ ሸክላ ሳያልቅ ሁለተኛውን በማዳመጫ እየሰማ ምታቸውን አገጣጥሞ ማሸጋገርን አስለመደ። በ1979 ደግሞ የሶኒ ዎክማን ወጣና ማዳመጫ በየመንገዱ የሚታይ የወጣት ጌጥ ሆነ። እንግዲህ ዛሬ «ዲጄ» እና «የዕለት ተዕለት ማዳመጥ» ብለን የምንለያቸው ሁለት አገልግሎቶች ታሪካቸውም የተለያየ ነው። አንዱ ከጭፈራ ቤት፣ ሌላው ከመንገድ የመጣ ነው።

በአገራችንም ሙዚቃን በዕቃ ማዳመጥ የራሱ ጉዞ አለው። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የአምሐ ሪከርድስን የመጀመሪያ ሸክላዎች ካወጣ በኋላ የአዲስ አበባ ዘፈን በሸክላ ተስፋፋ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ካሴት ቦታውን ወሰደ። የወሎ ዘፈን ወደ ብዙ ቤት የገባው በካሴት ነው። ዛሬ ካሴቱ በስልክ ተተክቷል፤ ሆኖም በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ ካሴቶች ገና አሉ። እነርሱን ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ከክበባችን ዕቅዶች አንዱ ነው፤ ለዚህም ጩኸትና መንሿሿትን ለይቶ የሚያሰማ ማዳመጫ ያስፈልጋል።

አሁን ዲጄ ከማዳመጫው ምን እንደሚፈልግ እንመልከት።

የዲጄ ሥራ ሁለት ዘፈን በአንድ ጊዜ መስማት ነው። አንዱ በድምፅ ማጉያው ለተሰብሳቢው ይጮኻል፤ ሁለተኛውን ዲጄው ብቻ በማዳመጫው ይሰማል። የሁለተኛውን ምት ከአንደኛው ጋር አስተካክሎ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይለቀዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ማዳመጫው የአዳራሹን ጩኸት መከላከል አለበት። ሁለተኛ፣ አንዱ ጆሮ ተሸፍኖ ሌላው ክፍት እንዲሆን ጽዋው ወደ ኋላ የሚዞር ቢሆን ይመረጣል። ሦስተኛ፣ በሌሊት አሥር ጊዜ ሲወልቅና ሲጠለቅ ቅስቱ የማይሰበር መሆን ይገባዋል። አራተኛ፣ ከፍ ባለ ድምፅ ላይ ሳይንኮሻኮሽ ከበሮውን ለይቶ ማሰማት አለበት።

በዚህ ላይ የእኛን አገር ዘፈን የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። በዛሬ ጊዜ የዲጄ ኮምፒዩተር የዘፈኑን ፍጥነት ራሱ ቆጥሮ ስለሚያስተካክል ማዳመጫ ብዙም አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ይህ በማሽን ከበሮ ለተሠራ የውጭ ዘፈን በመጠኑ እውነት ነው። የእኛ ዘፈን ግን አብዛኛው ምቱ በስድስት የሚከፈል ስለ ሆነ፣ ኮምፒዩተሩ አንዳንድ ጊዜ በሦስት፣ አንዳንድ ጊዜ በሁለት እየቆጠረ ይሳሳታል። በማሲንቆ፣ በከበሮና በጭብጨባ የተቀዳው የቆየ ዘፈን ደግሞ ጨዋታው እየሞቀ ሲሄድ ፍጥነቱም ይጨምራል፤ መጀመሪያው ላይ የተቆጠረው መጨረሻው ላይ አይሠራም። እዚህ ላይ የሚያድነው የሰው ጆሮ ነው፤ ጆሮውም የሚሠራው ጥሩ ማዳመጫ ካለው ነው።

የዕለት ተዕለት አድማጭ ፍላጎት ከዚህ ይለያል። ተማሪው ትምህርት በቪዲዮ ይከታተላል፣ ቋንቋ ይለማመዳል፣ መዝሙሩን ወይም መንዙማውን ይሰማል፣ ሲደክመውም ትዝታ ይከፍታል። እርሱ የሚፈልገው ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ሲደረግ ራስን የማይጨምቅ፣ ክብደቱ ቀላል፣ በስልክ ኃይል ብቻ በበቂ የሚሰማ፣ የሰውን ንግግር ጥርት አድርጎ የሚያሰማ ዕቃ ነው።

ሁለቱ ፍላጎቶች የሚጋጩበት ቦታ አለ። ለዲጄ ተብሎ የሚሠራ ማዳመጫ ከጩኸት ለመከላከል ራስን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ ወፍራሙንም ድምፅ ከፍ ያደርጋል። የጠበቀው መያዣ ለንባብ ሰዓት ራስ ምታት ይሆናል፤ የተጋነነው ወፍራም ድምፅ ደግሞ ማሲንቆንና የድምፃዊን ጉሮሮ ይሸፍናል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት አራት ቅኝቶች ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው። የእነዚህ ቅኝቶች ጣዕም ያለው በመካከለኛው ድምፅ፣ በዜማው መታጠፍና መንቀጥቀጥ ላይ እንጂ በደረት ላይ በሚደልቀው ድምፅ ላይ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን አገልግሎት በአንድ ዕቃ ለማግኘት የምንሻ ከሆነ «ተጨማሪ ቤዝ» ተብሎ በትልቅ ፊደል የተጻፈበትን ሳይሆን፣ ለስቱዲዮ ሥራ ተብሎ ሚዛኑ የተጠበቀውን ዝግ ማዳመጫ መፈለግ ይበልጣል። የስቱዲዮው ማዳመጫ ለዲጄ ያገለግላል፤ የጭፈራ ቤቱ ማዳመጫ ግን ለመቅዳትና ለማጥናት አይመችም።

ከዚህ በኋላ ስንገዛ ልናጣራቸው የሚገቡትን ነገሮች በተራ እንናገራለን።

አንደኛው የሽቦ ጉዳይ ነው። በክበባችን ውስጥ ሽቦ አልባ ማዳመጫ እንዲገዛ የሚከራከሩ ወንድሞች አሉ። ለመንገድና ለእንቅስቃሴ ሽቦ አልባው እንደሚመች አንክድም። ነገር ግን ድምፁ በብሉቱዝ ሲተላለፍ ታሽጎ፣ ተልኮ፣ ተፈትቶ ስለሚደርስ ይዘገያል። በተለመደው አሠራር መዘግየቱ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ ዘፈን በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 500 ሚሊ ሰከንድ ነው። 200 ሚሊ ሰከንድ የዘገየ ማዳመጫ ያደረገ ዲጄ የሚሰማው ከምቱ ሁለት አምስተኛ ወደ ኋላ የቀረ ነገር ነው። በዚህ ምት ማገጣጠም፣ ከማሚቶ ጋር እየተነጋገሩ ለማጨብጨብ እንደ መሞከር ነው። በዚህ ላይ ሽቦ አልባው ባትሪ ይፈልጋል፤ ባትሪው መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ደግሞ እኛ በፈለግንበት ሰዓት እንደማይገኝ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ባትሪውም ከዓመታት በኋላ ሲደክም ደኅናው ማዳመጫ አብሮት ይጣላል። ባለ ሽቦው ይህ ሁሉ ችግር የለበትም።

ሁለተኛው የኃይል ጉዳይ ነው። በካርቶኑ ላይ በኦም የተጻፈ ቁጥር አለ። ከ30 እስከ 70 ኦም አካባቢ የሆነና የድምፅ ምላሹ ጥሩ የሆነ ማዳመጫ በስልክም በሚክሰርም በደንብ ይሠራል። 250 ኦም የሆነ የስቱዲዮ ማዳመጫ በስልክ ሲሰካ ድምፁ ያነሰ ይሆናል፤ ማጉያም ይጠይቃል። ዲቲ 770 ፕሮ የተባለው የባየርዳይናሚክ ዝግ ማዳመጫ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ስለሚሠራ፣ ስሙን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው የማይፈልገውን ሊያገኝ ይችላል። ከኦሙ ጎን በዴሲቤል የሚጻፈውም ቁጥር በተመሳሳይ ኃይል ምን ያህል ድምፅ እንደሚወጣ የሚያመለክት ስለ ሆነ፣ ሁለቱ አንድ ላይ መነበብ አለባቸው።

ሦስተኛው የትራሱ መግጠም ነው። ዝግ ማዳመጫ የሚጠቅመው ትራሱ በጆሮ ዙሪያ ሲገጥም ብቻ ነው። መነጽር፣ ወፍራም ሹሩባ ወይም ሒጃብ ሲኖር በመካከል ክፍተት ይፈጠርና ወፍራሙ ድምፅ ይሾልካል፤ ዕቃውም ያለ በደሉ «ድምፁ ቀጭን ነው» ተብሎ ይወቀሳል። ስለዚህ ለክበብ የሚገዛ ዕቃ በአንድ ወንድ ልጅ ራስ ላይ ብቻ ተሞክሮ ሊወሰን አይገባም። መነጽር የምታደርግ እኅታችንም፣ ሒጃብ የምትለብስ እኅታችንም መዋጮ ከፍለዋል፤ በእነርሱም ራስ ላይ ይለካ። ትራሱ ለስለስ ያለና ወፈር ያለ፣ ጆሮን በሙሉ የሚውጥ ቢሆን ለሁሉም ይስማማል።

አራተኛው የመጠገን ጉዳይ ነው፤ በእኛ ቦታ ደግሞ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ዕቃው ቢበላሽ በነጋታው ሱቁ ሄዶ ይከራከራል። እኛ ግን በአቃስታ አድርገን ደሴ መውረድ አለብን፤ የመሳፈሪያውና የማደሪያው ወጪም ከማዳመጫው ዋጋ ጋር የሚወዳደር ይሆናል። የማዳመጫ ሕመም በአብዛኛው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ሽቦው ከመሰኪያው ወይም ከጽዋው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ሁለተኛው ትራሱ ነው። በሰው ሠራሽ ቆዳ የተሸፈነው ትራስ ከጊዜ ብዛት እየተላጠ ጥቁር ፍርፋሪ በጆሮ ላይ ይተዋል። እንግዲህ ሽቦው የሚነቀል፣ ትራሱም ለብቻው የሚገዛ ማዳመጫ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ዕድሜው ረጅም ስለ ሆነ ርካሹ እርሱ ነው። «ርካሽ» የሚለውን ቃል የምንለካው በተገዛበት ቀን ሳይሆን ባገለገለበት ዓመት ብዛት ቢሆን ብዙ ገንዘብ ይተርፈን ነበር።

አምስተኛው በካርቶን ላይ የሚጻፍ ማባበያ ነው። «ከ5 እስከ 30,000 ኸርዝ» ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ሰው ይደነቃል። የጤናማ ወጣት ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ቁጥር ለጆሯችን የሚጨምረው ነገር የለም። የድምፅ ማውጫው ስፋት 50 ሚሊ ሜትር መሆኑም በራሱ ከ40 ሚሊ ሜትሩ የተሻለ አያደርገውም። የሰፋ ምጣድ ሁሉ ጥሩ እንጀራ አያወጣም።

አሁን በስም የታወቁትን ጥቂት ዕቃዎች እንይ። የምንጠቅሰው ለማንም ሻጭ ለመወትወት ሳይሆን ለማነጻጸሪያ ነው።

የኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም20ኤክስ ከታወቁት ዝግ ማዳመጫዎች ዋጋው ዝቅ ካሉት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ 40 ሚሊ ሜትር ድምፅ ማውጫ ያለው፣ 47 ኦም የሆነና ወደ 190 ግራም የሚመዝን ነው። በውጭ ገበያ ከ50 እስከ 60 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ለማጥናትና ለመቅዳት በቂ ነው፤ ነገር ግን ሽቦው አይነቀልም፣ ጽዋውም ለአንድ ጆሮ ማዳመጥ እንደሚፈለገው አይዞርም። ታላቅ ወንድሙ ኤም40ኤክስ በውጭ ገበያ ወደ 100 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ 35 ኦም ነው፤ ጽዋው 90 ዲግሪ ይዞራል፤ ሽቦውም የሚነቀል ሆኖ አንድ ቀጥ ያለና አንድ ጥቅልል ሽቦ አብሮት ይመጣል። ድምፁ ሚዛኑን የጠበቀ ነው በመባል ይታወቃል። ኤም50ኤክስ የተባለው ከዚህም ይበልጥ የታወቀ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ወፍራሙንም ድምፅ ጨመር ያደርጋል።

የሶኒ ኤምዲአር 7506 እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ እየተሠራ ያለ፣ በሬዲዮ ጣቢያና በፊልም ድምፅ ቀጂዎች ዘንድ የተከበረ ዕቃ ነው። 63 ኦም ነው፤ የንግግርን ድምፅ ጥርት አድርጎ ያሰማል፤ ትራሱም መለዋወጫ አለው። ጥቅልል ሽቦው ከባድ ከመሆኑም በላይ ስለማይነቀል ከስልክ ጋር ለመንገድ አይመችም።

የዜንሃይዘር ኤችዲ 25 እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ የዲጄዎች ወዳጅ ነው። ክብደቱ 140 ግራም ብቻ ሲሆን፣ 70 ኦም ነው፤ አንዱ ጽዋ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ክፍሎቹም እየተፈቱ የሚለወጡ ናቸው። ነገር ግን ጆሮን የሚውጥ ሳይሆን በጆሮ ላይ የሚቀመጥ በመሆኑ ለረጅም ሰዓት ንባብ ይጫናል፤ ዋጋውም ከኤም40ኤክስ ይበልጣል። የፓዮኒር ዲጄ ኤችዲጄ ኪው1 ደግሞ ለጀማሪ ዲጄዎች ታስቦ የተሠራ፣ 32 ኦም የሆነ፣ ጥቅልል ሽቦው የሚነቀል ዕቃ ነው፤ ለዲጄነት ብቻ የሚፈልግ ሰው ቢመርጠው አይፈረድበትም።

የብር ዋጋውን በቁርጥ ያልተናገርነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። ስለዚህ በግዢው ሳምንት ከሦስት ሱቅ ያላነሰ ዋጋ ተጠይቆ በወረቀት ይቅረብ እንላለን።

ስለ አስመሳይ ዕቃም ማስጠንቀቅ ይገባናል። የታወቀ ስም ያለው ማዳመጫ በከተማ ገበያ ከውጭው ዋጋ በግማሽ ሲሸጥ ብታዩ ዕድል ሳይሆን ወጥመድ ነው። አስመሳዩ ክብደቱ ይቀላል፤ ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ ሽቦው ይሳሳል። ነገር ግን ዛሬ አስመሳይነት ስለ ረቀቀ ዓይን ብቻ አይበቃም። ስለዚህ ገዢ ሆኖ የሚላክ ሰው በሱቁ ውስጥ እንዲህ ያድርግ። ሻጩ የሚያሰማውን ዘፈን ሳይሆን ራሱ ልቅም አድርጎ የሚያውቀውን ዘፈን በስልኩ ይዞ ይሂድ። ለምሳሌ የወሎዋን ድምፃዊት የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ቢይዝ፣ የድምፅዋን መታጠፍና የመሣሪያውን ድምፅ ለየብቻ መስማት ይችል እንደ ሆነ ያውቃል። ቀጥሎ የቀኝና የግራ ድምፅ እኩል መሆኑን ይመልከት። ሽቦውን በመሰኪያው ሥር ቀስ ብሎ እያጣመመ ድምፁ ይቆራረጥ እንደ ሆነ ይፈትን። ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል በራሱ ላይ አድርጎ ይቀመጥ፤ በአምስት ደቂቃ ያላመመ በሩብ ሰዓት ሊያም ይችላልና። በመጨረሻም ማዳመጫውን ጓደኛው አድርጎት እርሱ አጠገቡ ይቁም፤ ዘፈኑ ጎልቶ የሚሰማው ከሆነ ዝግ የተባለው ዝግ አይደለም። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ነው። ስልካችሁ የማዳመጫ ቀዳዳ የሌለው ከሆነም ትንሿን ማገናኛ አብራችሁ ግዙ፤ ይህን የረሳ ሰው መካነ ሰላም ሲደርስ ጌጥ ይዞ ይቀመጣል።

ወደ መቅዳት ሥራው እንመለስ። አንዲት እናት እንጉርጉሮ ሲያሰሙ፣ አንድ ሼህ መንዙማ ሲያሰሙ የሚቀዳው ልጅ በማዳመጫ መከታተል አለበት፤ ያለዚያ የንፋሱን፣ የልብሱን መንኳኳትና የዶሮውን ጩኸት የሚያውቀው ቤቱ ሲደርስ ነው። ማዳመጫው ክፍት ከሆነ ከእርሱ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ መቅጃው ይገባና ሥራውን ያበላሻል። ዝግ ከሆነ ግን ድምፁን አፍኖ ይይዛል። አረጋውያኑ ዘፈናቸውን ሁለተኛ እስኪደግሙልን ድረስ ዕድሜ አይጠብቀንም። አንድ ቀን ተበላሽቶ የተቀዳ ነገር ለዘለዓለም ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። ክበባችን ማዳመጫ የሚያስፈልገው ከምንም በላይ ለዚህ ነው፤ ለመምህራኖቻችንም የምንሰጠው ዋና መልስ ይኸው ነው።

ጓደኞቻችን፤ ስለ ጆሮ ጤና ሳንናገር ብንቀመጥ ንግግራችን ጎዶሎ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 የሆኑ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በጩኸት አዳማጭነት ምክንያት የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ እንደ ሆነ ገምቷል። ድርጅቱ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው መጠን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት፣ በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የአንድ ሳምንት ድርሻ ነው እንጂ የአንድ ቀን አይደለም።

ዝግ ማዳመጫ በዚህ ረገድ ወዳጅም ጠላትም ሊሆን ይችላል። የውጭውን ጩኸት ስለሚከላከል ድምፁን ዝቅ አድርገን እንድንሰማ ያስችለናል፤ በጫጫታ መካከል ክፍት ማዳመጫ ያደረገ ሰው ግን ጫጫታውን ለማሸነፍ ሲል ይጨምራል። ነገር ግን ዝግ ማዳመጫ አድርጎ ድምፁን እስከ መጨረሻው የሚከፍት ሰው ጩኸቱን በጆሮው ውስጥ ቆልፎ ያሳድረዋል። ከጭፈራ በኋላ ጆሮ ሲጮህ ወይም ሲደነዝዝ ያ የድካም ምልክት አይደለም፤ የጉዳት ደወል ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ አባባሉ የተነገረው ስለ ሐሜት ቢሆንም፣ ጆሮ ሲጎዳ ባለቤቱ ሳያውቅ ስለሆነ ለዚህም ይሠራል። ክበባችን ተረኛው ዲጄ በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ማዳመጫውን አውልቆ ሌላ እንዲተካው ደንብ እንዲያወጣ እንጠይቃለን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በጠረጴዛው ላይ ወደ ቀረቡት ሦስት ሐሳቦች እንመጣለን። የመጀመሪያው መዋጮውን በሙሉ አጥፍቶ አንድ እጅግ የታወቀ ውድ ማዳመጫ መግዛት ነው። ሁለተኛው በዚያው ገንዘብ አራት አምስት ርካሽ ሽቦ አልባ መግዛት ነው። ሦስተኛው፣ እኛ የምንደግፈው፣ ሁለት ባለ ሽቦ ዝግ ማዳመጫ መግዛት ነው፤ አንዱ እንደ ኤም40ኤክስ ያለ፣ ጽዋው የሚዞርና ሽቦው የሚነቀል ሆኖ ለማጫወትና ለመቅዳት፤ ሁለተኛው እንደ ኤም20ኤክስ ያለ፣ ካሴት ለሚገለብጡና ለሚያጠኑ በፊርማ የሚሰጥ። ከዚያ የሚተርፈው ትርፍ ትራስና ሽቦ ይገዛበት።

የመጀመሪያውን የማንደግፈው ዕቃው መጥፎ ስለ ሆነ አይደለም። አንድ ብቻ የሆነ ውድ ዕቃ በቁልፍ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው የዕቃው ባለቤት ይሆናል፤ የጋራ የነበረው ገንዘብም የጥቂቶች መጫወቻ ይሆናል። ሁለተኛውን የማንደግፈው ለአንድ ሰሞን ብዙ ሰው አስደስቶ በዓመቱ የባትሪ ሬሳ ስለሚያስታቅፈን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ለማንም አያጓጓም፤ ፎቶግራፍ ተነሥተው የሚኮሩበትም ዕቃ አይደለም። ነገር ግን ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ሊቀበሉት የሚችሉት እርሱ ብቻ ነው።

አያያዙንም በደንብ እንጻፈው። ሽቦው በክንድ ላይ ተጠምጥሞ አይታሰር፤ ላላ ብሎ ይጠቅለል። መሰኪያው ሲነቀል ብረቱ ተይዞ እንጂ ሽቦው ተጎትቶ አይሁን። ትራሱ ከአገልግሎት በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ለብዙ ሰው የሚያገለግል ነውና ንጽሕናው የጤና ጉዳይ ነው። በአውቶቡስ ሲጓጓዝ ከሻንጣ ሥር አይረገጥ፤ በጠንካራ ሣጥን ይያዝ። የወሰደው ሰው ስሙን፣ ቀኑን፣ ሲመልስም የዕቃውን ሁኔታ በመዝገብ ይጻፍ።

ክቡራን መምህራን፤ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤

እኛ የምንኖረው አባይና በሽሎ ባቀፉት ደጋ ላይ፣ ዘፈኑ ገና ከነባለቤቶቹ ባለበት አገር ነው። ሌላው ዓለም ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሚፈልገው ድምፅ ከግቢያችን በእግር በሚደረስበት ቦታ አለ። የጎደለን ጥቂት መሣሪያና ብዙ ጥንቃቄ ነው። መሣሪያውን ስንመርጥ በስሙ ታላቅነት ሳንታለል፣ በዋጋው ማነስም ሳንጎመጅ፣ ለምን ሥራ እንደምንፈልገው አስቀድመን ጠይቀን ብንመርጥ፣ መዋጮ ለሰጡት ሁሉ ታማኞች እንሆናለን።

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ስብሰባ ነው። እስከዚያ ድረስ ተቃውሞ ያለው ሁሉ ተቃውሞውን በጽሑፍ ቢያቀርብልን፣ በዚሁ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ እናደርጋለን።